መቶኛው ጉድ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሶስና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ከጀርባዋ ሳታወርድ መጥታ ጉልበቴ ላይ አንድ መጽሐፍ ዘረጋችብኝ። እናቷ መናኸሪያው አጠገብ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የገዛችላት ነው፤ የአዲስ ወረቀት ሽታው ገና አልለቀቀውም። በየገጹ ትልልቅ ባለቀለም ሥዕል አለ፤ በየሥዕሉ ሥር ደግሞ «ታውቁ ነበር?» የሚል ጥያቄ። ቢራቢሮ በእግሯ ነው የምትቀምሰው። ንብ አምስት ዓይን አላት። ሶስና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጇ ከገባ ቤት ውስጥ የማይፈተን ሰው የለም። ሚስቴ ሽንኩርት እየከተፈች ስለ ቀጭኔ ምላስ ተጠይቃለች። ጠዋት ጠዋት ልጅቷን የሚያደርሳት የባጃጅ ሾፌር እንኳ ሦስት ጥያቄ ወድቆ እጁን ሰጥቷል።

«አባባ፣ አሁን የአንተ ተራ ነው» አለችኝ። «እንሰት ዘር እንዳለው ታውቅ ነበር?»

ጣቷን ያሳረፈችበትን ሥዕል አየሁት። ሙዝ የሚመስል ፍሬ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ጥቁር፣ ወጣ ገባ ያለ ዘር ታጭቋል። ልክ አድርገው ነው የሳሉት።

«ኧረ በይ! እንሰት ዘር አለው እንዴ?» አልኳት። «አላውቅም ነበር።»

በደስታ ጮኸች። «አባባን ጣልኩት!» እያለች ወደ ማድ ቤት ሮጠች። እኔ መነጽሬን አውልቄ ተቀመጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ዋሸሁ። አውቅ ነበር እንጂ! ሶስና ቀርታ እናቷም ሳትወለድ ጀምሮ አውቅ ነበር። ይቺን አንዲት ነገር ማወቄን ስሸሽ ነው የኖርኩት።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ እዚሁ ሶዶ አንድ ትምህርት ቤት ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ። ፀጉሬን ወደ ጎን የማበጥር፣ የደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የማይጠፋ ቀጭን ጎረምሳ ነበርኩ። አንደኛው እስክሪብቶ አይጽፍም፤ ለጌጥ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር የተወለድኩትም ያደግሁትም መሀል ከተማ ነው። ቆጮ ሲቀርብ ከማንም አላንስም፤ እንሰትን ግን ከሰው አጥር በላይ ቅጠሉ ሲወዛወዝ ከማየት በቀር ቀርቤው አላውቅም። ይህን የምናገረው ለማመካኘት አይደለም። ወይም ምናልባት ለማመካኘት ይሆናል።

በዚያን ጊዜ ልጆች ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ የሚያነቡት ነገር አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። እሱም ቢሆን ለአራት አንድ ነው፤ ልጆቹ በአራት ማዕዘን ተቀምጠው ስለሚያነቡ መጽሐፉን ገልብጦ ማንበብ የሚችሉ ተማሪዎች ነበሩኝ። ታዲያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የዓለምን አስደናቂ ነገሮች ሰብስቤ፣ በሥዕል አድርጌ፣ በስቴንስል አባዝቼ ለልጆች ባድልስ? መቶ ነገር ይሁን አልኩ፤ ስሙንም «መቶ ጉድ» አልኩት። ሥዕሉን የሚሠራልኝ ሎምባሞ ነበር። ሎምባሞ የስፖርት አስተማሪያችን ነው፤ ጓደኛዬም ነው፤ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። የተወለደው ጉኑኖ አጠገብ ካለ ገጠር ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ሰው የሚገጭ ግዙፍ፣ የስቴንስል ብዕር ሲይዝ ግን ትንፋሹን እንኳ የሚቆጥብ ሰው ነበር።

ስድስት ወር ፈጀብን። እኔ ከድሮ መጽሔት፣ ከሬዲዮ፣ ቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከነበረ ግማሽ ገጹ ከተቀደደ ኢንሳይክሎፒዲያ እለቅማለሁ፤ እሱ ይስላል። ከክፍል እንደወጣን ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለን በዳጣ እያጠቀስን፣ የዳጣው ቃሪያ አፋችንን እያቃጠለው፣ እጃችንን በሱሪያችን ጠርገን እንቀጥላለን። የሰጎን ዓይን ከአንጎሏ እንደሚበልጥ ሳነብለት ሎምባሞ ወንበሩን ይዞ እስኪወድቅ ሳቀ፤ ከዚያ ሰጎኗን የርዕሰ መምህራችንን መነጽር አደረገላት። ርዕሰ መምህሩ ሥዕሉን አይተው «ጥሩ ሰጎን ናት» አሉን። በሕይወቴ እንደዚያ ስድስት ወር የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ዘጠና ዘጠኝ ላይ ስንደርስ ነገር አለቀብኝ። ርዕሰ መምህሩ «ከእኛ አገር ነገር አንድ ጨምርበት እንጂ፣ ሁሉም የውጭ አገር አውሬ ሆነ» አሉኝ። እዚያው ቆሜ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «እንሰት ዘር የለውም፤ ከሥሩ ብቻ የሚራባ ጉደኛ ተክል ነው» አልኩ። ሰዎች ሥሩን አፈር ውስጥ ቀብረው፣ ዙሪያውን የሚበቅለውን ችግኝ ነቅለው እንደሚተክሉ ሰምቻለሁ። የእንሰት ዘር ሲዘራ ግን አላየሁም። ስለዚህ ዘር የለውም፤ በቃ። አንድ ገበሬ እንኳ አልጠየቅሁም፤ በወላይታ ምድር ገበሬ የጠፋ ይመስል! ርዕሰ መምህሩ በጣም ወደዱት። በመምህራን ስብሰባ ላይ አንሥተው በስሜ ጠርተው አመሰገኑኝ።

ሎምባሞ ግን ሊስለው ሲቀመጥ ቀና ብሎ አየኝ።

«ማነው ዘር የለውም ያለህ? አለው እኮ።»

«የታለ? እኔ አይቼ አላውቅም።»

«አንተ የት ታያለህ! ሰው ሳያፈራ ነው የሚቆርጠው። ሳይቆረጥ የቆየ እንደሆነ ያብባል፣ ያፈራል። ዘሩ ድንጋይ ነው። ልጆች ሆነን ገበጣ እንጫወትበት ነበር።»

የስቴንስል ማረሚያው፣ ያ እንደ ጥፍር ቀለም የሚሸተው ቀይ ፈሳሽ፣ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቴ ነበር። መስመሩን ቀብቶ፣ እፍ ብሎ አድርቆ ሌላ ነገር መጻፍ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ግን እኮ በስብሰባ ላይ ተመስግኛለሁ። ተመልሼ ሄጄ ተሳስቻለሁ ልበል?

«ተወው ባክህ» አልኩት። «ማን ልብ ይለዋል?»

ሎምባሞ ብዕሩን አንሥቶ እንሰቱን ሳለው። ቅጠል ብቻ፣ ያለ ፍሬ።

«መቶ ጉድ» ባልጠበቅነው መጠን ተወደደ። ልጆች በእረፍት ሰዓት እየተሰበሰቡ ይጠያየቁበታል፤ ወላጆች ሳይቀሩ እያስነበቡ ይስቃሉ። እስከ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ድረስ ተላከ። ከዚያም ሰኔ ላይ የጥያቄና መልስ ውድድር ይደረግ ተባለ፤ ጥያቄው ሁሉ ከመጽሐፉ፣ ዳኛው መጽሐፉን ያዘጋጀው እኔ። ሽልማቱን ለመስጠት የተነሡት የአንዲት ቤተ ክርስቲያን እናቶች ነበሩ። የከተማ ልጅ ካሸነፈ ቦርሳና ኳስ ያገኛል። የገጠር ልጅ ካሸነፈ ግን፣ ከእናቶቹ በአንዷ ቤት እየበላና እያደረ ሶዶ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ይማራል። ይህ ምን ማለት እንደነበር ያገሬ ሰው ያውቀዋል። ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ሶዶ ማረፊያ ዘመድ የሌለው የገጠር ልጅ ትምህርቱ እዚያው ላይ ነው የሚቆመው። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ማንም አይገረምም።

የውድድሩ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ዳሞታ ከነአናቱ በደመና ተሸፍኖ አይታይም፤ የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ወለል በሰው እግር ጭቃ ሆኗል። ከጉኑኖ የመጣችው ልጅ አስቴር ትባላለች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው በእግራቸው ነው የመጡት። የፕላስቲክ ጫማዋን እንዳይበላሽ በእጇ ይዛው መጥታ፣ ግቢያችን ካለው ቧንቧ እግሯን ታጥባ ነው ያደረገችው። እናቷ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አማርኛ ብዙም አይገባትም፤ ሰው ሲያጨበጭብ ግን አብራ ታጨበጭባለች።

አስቴር «መቶ ጉድ»ን በቃሏ ይዛዋለች። ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ ፊቷ የተቀመጠውን የብስክሌት ደወል ትመታለች። ሌሎቹ አንድ በአንድ እየወደቁ ሄደው በመጨረሻ ከአንድ የከተማ ልጅ ጋር እኩል ነጥብ ይዘው ሁለቱ ቀሩ። አንድ ጥያቄ ይለያቸዋል ተባለ። ከእናቶቹ አንዷ እጇን የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከትታ ቁጥር አወጣች። መቶ።

«እንሰት ዘር አለው ወይስ የለውም?»

አስቴር ቀድማ ደወሉን መታች። ከዚያ ዓይኗን እግሯ ሥር ወዳለው ቦርሳዋ መለሰች። ሰው ሁሉ ረስታዋለች ብሎ አሰበ። አልረሳችውም።

«መጽሐፉ የለውም ይላል» አለች። «ግን አለው።»

አዳራሹ ሳቀ። ጠያቂው «አንዱን ነው የምትመልሺው የኔ ልጅ» አላት።

«አለው» አለች። ጎንበስ ብላ ከቦርሳዋ የተቋጠረች መሐረብ አወጣች፤ ፈታችና እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ጥቁር፣ ከሽምብራ ከፍ ያሉ፣ ድንጋይ የሚመስሉ ዘሮች ናቸው። «እኛ ቤት አለ፣ ቲቸር። እርስዎ ካዩት ያስተካክሉታል ብዬ ነው ያመጣሁት።»

እንግዲህ አስቡት። ይህቺ ልጅ የሚያሸንፈውን መልስ ታውቀዋለች። «የለውም» ብትል ዕጣዋ ተለወጠ። እኔ የማመሰግናት፣ ደስ የሚለኝ መስሏት፣ ያንን ጭቃ መንገድ ሁሉ ዘሩን ይዛልኝ መጣች። ቀና ስል ሎምባሞን አየሁት፤ በር ላይ ቆሟል፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ከፊት ወንበር፣ በዚያ በሰጎኗ መነጽር፣ ይመለከቱኛል።

«መምህር፣ መጽሐፉ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ዘር የለውም ይላል» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም፤ መጽሐፉ የሚለው እንደዚያው ነበር። በዚህች ብልጠት ስንት ዓመት ራሴን አታልያለሁ መሰላችሁ!

ጥያቄው ለከተማው ልጅ ተላለፈ። «የለውም!» አለ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የኋላ አግዳሚ ላይ የአስቴር እናትም አጨበጨበች። ልጇ ያሸነፈች መስሏት ነው።

አስቴር «እሺ ቲቸር» ብላ ዘሮቿን መልቀም ጀመረች። አንዷ አመለጠቻት፤ ተንከባላ ከወንበሬ ሥር ገባች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ፈለገቻት። እኔ ጫማዬን ላይዋ አስቀመጥኩ። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያቺ ነገር ዳግመኛ ለሰው እንዳትታይ የፈለግሁ ይመስለኛል። አስቴር ፍለጋዋን ተወችና ወደ እናቷ ሄደች።

በማግስቱ ሎምባሞ ፍራሹን ጠቅልሎ ከቤታችን ወጣ። አልጮኸብኝም። በሩ ላይ ሲደርስ «ማረሚያው እኮ ፊትህ ነበር» አለኝ። ቀጥሎም «እኔም እያወቅሁ ስዬዋለሁ፤ በሩ ላይም ቆሜ ዝም አልኩ። አንተን ባየሁ ቁጥር ራሴን ነው የማየው» አለ። ከዚያ በኋላ በመምህራን ክፍል ሰላምታ ብቻ ሆነ፤ ትንሽ ቆይቶም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ።

ነሐሴ ሲጋመስ ሕሊናዬ አላስቀምጥ ስላለኝ ጉኑኖ ሄድኩ። እናትየውን እነግራታለሁ፤ ከዚያ ሶዶ ተመልሼ የቤተ ክርስቲያኗን እናቶች አነጋግራለሁ ብዬ በልቤ ሁሉንም አሰናድቼ ነበር። ቤቱ በእንሰት የተከበበ ነው። እናትየው ስታየኝ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች፤ የሶዶ አስተማሪ ቤቴ መጣ ብላ ቦዬ ቀቀለች፣ ዳጣ አቀረበች፣ ጎረቤት ጠራች። የምናወራው በወላይትኛ ነበር። አስቴር የለችም። ቤሌ ከተማ ያለችው አክስቷ ጋ ተልካለች፤ ገበያ ላይ ታግዛታለች።

«ትምህርቱስ?» አልኩ።

«ይበቃታል» አለች እናትየው። «ደግሞ እሷም አልፈልግም ብላለች። እኔ አላውቅም ነው የምትለው።» ከዚያ ሳቅ እያለች፣ እያፈረች፣ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «መምህር፣ እኛ ያልተማርን ሰዎች ነን። ከእናት ከአባታችን ጀምሮ ዘር ነው እያልን ስንጠራው ኖርን። ዘር ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?»

ከደጇ፣ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ አንድ ትልቅ እንሰት ፍሬውን አንጠልጥሎ ቆሟል። ይህቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ያወቀችውን ነገር፣ የእንሰት ቅጠል ነክቼ የማላውቀው እኔ አስጥያታለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ። አፌ ውስጥ ቦዬ ነበረ፤ ሰበብ ሆነኝና አላመጥኩ፣ አላመጥኩ። ጎረቤት ገባ፣ ወሬው ተለወጠ። «ለሰላምታ ነው የመጣሁት» ብዬ ተነሣሁ። ስሸኝ አንድ እሽግ ቆጮ አሸከሙኝ። ተሸክሜው መጣሁ፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ከዚያ ወዲህ ለሥራ በቤሌ መንገድ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አልቆጠርኩትም። አውቶቡሱ ቤሌ ላይ ቆሞ ሰው ወርዶ ይበላል። እኔ ጋዜጣ ዘርግቼ ወንበሬ ላይ እቀራለሁ። «አይርብህም እንዴ መምህር?» ይሉኛል፤ ሆዴን አሞኛል እላለሁ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አስቴር አሁንም እዚያው ገበያ ላይ እህል እንደምትሸጥ ነግሮኛል። ልጆቿን በሙሉ አስተምራለች አለኝ። ሰላም ብላሃለች ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ።

ሶስናን የዋሸኋት ቀን አልፎ በማግስቱም ልጅቷ አልተወችኝም። «አባባ ያላወቀው» እያለች ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች። አልቻልኩም። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ከሥር የተረሳውን ካርቶን አወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወረቀቱ ቢጫ የሆነ አንድ «መቶ ጉድ» አለ። አንዲት የክብሪት ቀፎም አለች፤ ውስጧ ያቺ ከጫማዬ ሥር ያነሣኋት ዘር። ሶስና መጀመሪያ መነጽር ባደረገችው ሰጎን ሳቀች። ከዚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ጫማዬን ሳይቀር።

ዘሯን መዳፏ ላይ አድርጋ ከአዲሱ መጽሐፍ ሥዕል ጋር አስተያየቻት።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

«እንግዲያው ያሸነፈችው እሷ ናት። ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«የት ነው ያለችው?»

«ቤሌ።»

«ቤሌ?» አለች፣ አዲስ ጉድ የሰማች ይመስል። «ቤሌ እኮ ቅርብ ነው!»

እውነቷን ነው፤ ቅርብ ነው። ቅዳሜ ትምህርት የላትም፤ በጠዋቱ መኪና ሁለት ቦታ ይዣለሁ። ሚስቴ ልጅቷን ለምን እንደማንከራትታት ጠይቃኛለች፤ መንገድ ታሳየኛለች አልኳት፤ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ብቻዬን ከሄድኩ፣ አውቶቡሱ ቤሌ ሲደርስ ጋዜጣዬን ዘርግቼ እዚያው ወንበሬ ላይ እቀራለሁ።